የሣሉት ሙዘመምን ነው

ዛሬ የቀረብኩት የራሴን ጥፋት ይዤ ነው።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2005 ዩላንድስ ፖስተን የተባለው የዴንማርክ ጋዜጣ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) የተመለከቱ 12 ካርቱኖች አወጣ። ወሬው ዓለምን ሲያዳርስ እኔም ከጁምዓ ሰላት በኋላ በወጣቶች ፊት ቆሜ ድምፄ እስኪዘጋ ተናገርኩ። ስጨርስ አንድ ልጅ ጠጋ ብሎ «ኡስታዝ፣ ሥዕሎቹን አይተዋቸዋል?» አለኝ። አላየኋቸውም ነበር። «ታዲያ ምን እናድርግ ነው የሚሉን?» ሲል ጨመረ። ለዚህም መልስ አልነበረኝም። ቁጣ እንጂ መንገድ አልሰጠሁትም።

ቁጣ ብቻውን የት እንደሚያደርስ ብዙም ሳይቆይ ታየ። በፌብሩዋሪ 2006 በደማስቆና በቤሩት የዴንማርክ ዲፕሎማቲክ ጽሕፈት ቤቶች ተቃጠሉ። በናይጄሪያ፣ በማይዱጉሪ ከተማ፣ አብያተ ክርስቲያናት ነደዱ፤ በካርቱኑ እጃቸው የሌለበት ሰዎች ሞቱ። ጃንዋሪ 7 ቀን 2015 ደግሞ በፓሪስ በሻርሊ ኤብዶ መጽሔት ላይ በተፈጸመው ጥቃት 12 ሰዎች ተገደሉ። ገዳዮቹ ነቢዩን ተበቀልን እያሉ ጮኹ። መንገድ ላይ ቆስሎ ወድቆ ሳለ የገደሉት ፖሊስ ግን ሙስሊም ነበር። ይህ ነው ለነቢዩ መቆርቆር?

ሙሐመድ ማለት የተመሰገነ ማለት ነው። የመካ ቁረይሾች ስሙን ገልብጠው «ሙዘመም»፣ የተነቀፈ፣ ይሏቸው ነበር። ቡኻሪ እንደዘገቡት መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) በዚህ አልተቆጡም። ሰዎቹ የሚሰድቡት ሙዘመም የተባለውን ነው፣ እኔ ሙሐመድ ነኝ፣ አላህ ስድባቸውን ከእኔ እንዴት እንዳዞረው ተመልከቱ የሚል ትርጉም ያለው ቃል ነው የተናገሩት። በጥምጣሙ ላይ ቦምብ የተሸከመው ሰውዬም ሙዘመም ነው። እኛ የምናውቃቸው ነቢይ አይደሉም።

«በግጥም የሰደቧቸው ተገድለዋልኮ» የሚለኝ ይኖራል። አዎን፣ በሲራ መጻሕፍት አለ፤ አልደብቅም። ያ ግን የጦርነት ዘመንና የመሪ ፍርድ ነበር፤ ለአላፊ አግዳሚ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ከዕብ ኢብን ዙሀይርስ? በግጥሙ ተሳድቦ ሞት የተፈረደበት ሰው ነበር። መዲና መጥቶ ከፊታቸው ሲቀርብ ማሩት፤ ግጥሙንም ሰምተው ካባቸውን ሰጡት። ለቁረይሽ ባለቅኔዎችም እንዲመልስ የታዘዘው ሐሳን ኢብን ሣቢት ነው፤ እሱም በግጥም።

ስለ ንግግር ነጻነት የሚያስተምሩንም ሚዛናቸውን ይፈትሹ። ያው ጋዜጣ በ2003 የኢየሱስን ትንሣኤ የሚመለከቱ ካርቱኖች ሲቀርቡለት አንባቢ ይቆጣል ብሎ መልሷቸዋል። በኦክቶበር 2005 የ11 አገሮች ዲፕሎማቶች እንነጋገር ቢሉ የዴንማርኩ ጠቅላይ ሚኒስትር አልተቀበሏቸውም። ይህን መጻፍ፣ መሟገት፣ ሸቀጣቸውን አለመግዛት መብታችን ነው። የዴንማርክ ቅቤ አልገዛም ያለው የባሕረ ሰላጤ ሸማች ማንንም አላቆሰለም።

ሱረቱል አንዓም ግን እኛንም ይመለከታል፤ ሌሎች የሚያመልኩትን እንዳንሰድብ፣ እነሱም ሳያውቁ አላህን እንዳይሰድቡ ይከለክለናል። በካሴት የሰው እምነት ሲቀለድበት ሰምቼ የሳቅኩበት ጊዜ ነበር። አስተግፊሩላህ።

ያን ልጅ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁትም። ይህን ካነበበ፣ ሁለተኛውን ጥያቄውን ዘግይቼም ቢሆን ለመመለስ የሞከርኩ መሆኔን ይወቅልኝ።