ደብተር ይዘው ሲጠይቁን

ንባብ፦ ሉቃስ 3፥10-11፤ ሉቃስ 10፥30-37፤ ዮሐንስ 5፥1-9



ዛሬ የምናስበው በየቤታችን እየመጡ ስለሚጠይቁን ሰዎች ነው። ታውቋቸዋላችሁ። ባጅ አንጠልጥለው፣ ደብተር ወይም ታብሌት ይዘው ይመጣሉ። ስንት ሆናችሁ ነው የምትኖሩት? ባለፉት ሁለት ሳምንታት ተቅማጥ የያዘው ሰው አለ? ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ? ትናንት ስንት ጊዜ በላችሁ? የሕፃኑን ክንድ ይለካሉ፣ አንዳንዴም ጣት ወግተው ደም ይወስዳሉ። መጨረሻ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከዚህ ቤት የሞተ ሰው አለ? ይላሉ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ቡና ላይ ሁለት ዓይነት ወሬ ይወራል። አንዱ፣ «እኛ እንራባለን፣ እነሱ ይጽፋሉ! በእኛ መከራ ደመወዝ ይበላሉ» ይላል። ሌላው ደግሞ፣ «ምን አስጨነቀህ፣ ልጅ ጨምረህ ንገራቸው፣ የሞተውንም አለ በላቸው» ይላል። ታዲያ ክርስቲያን ምን ይበል? መከራ ላይ ያለን ሰው መጠየቅ ልክ ነው ወይ? የተጠየቀው ሰውስ ምን ዕዳ አለበት?

መቁጠር ኃጢአት ነው?

አንዳንድ ሰው 2ኛ ሳሙኤል 24ን ያነሳል። ዳዊት ሕዝቡን ቆጠረ፣ ቸነፈር መጣ፣ ሰባ ሺህ ሰው አለቀ፤ ስለዚህ መቆጠር ደግ አይደለም ይላል። እውነት ነው፣ ተጽፏል። ግን ዳዊት የቆጠረው ማንን ነው? ሰይፍ የሚመዝዙትን ነው። ስንት ተዋጊ አለኝ ለማለት ነው። የታመመውንና የተራበውን ለመርዳት ብሎ አልቆጠረም።

ሉቃስ 15 ላይ ደግሞ መቶ በጎች ያሉት እረኛ አለ። አንዷ እንደጠፋች በምን አወቀ? ቆጥሮ ነዋ! ባይቆጥር ኖሮ ዘጠና ዘጠኙን ይዞ ደስ ብሎት ቤቱ ይገባ ነበር። የጠፋችውም ጠፍታ ትቀር ነበር። እንግዲህ የሁለቱ ልዩነት ቁጥሩ ላይ አይደለም። አንዱ የቆጠረው ለራሱ ክብር ነው፣ ሌላው ለጠፋችው ብሎ ነው።

መልሳችን የት ይሄዳል?

«የምንናገረው ሁሉ የት እንደሚገባ አናውቅም» የሚል ሰው ትክክለኛ ነገር ይናገራል። ስለዚህ የት እንደገባ የሚታወቅ ሁለት ነገር ልንገራችሁ።

አንደኛው፣ ተቅማጥ ሲይዘን በጥብጠን የምንጠጣው ኦአርኤስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ዛሬ ባንግላዴሽ ከሚባለው አገር በጦርነት የሸሹ ሰዎች ሕንድ ገብተው በካምፕ ታጭቀው ሳለ ኮሌራ ተነሳባቸው። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባል ሐኪም ግሉኮስ፣ የምግብ ጨውና ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጦ፣ ዘመድ ለዘመዱ በኩባያ እየቀዳ እንዲያጠጣ አደረገ። ድብልቁ በሆስፒታል የተሞከረ ነበር፤ በካምፕ፣ ሐኪም በማይዳረስበት፣ በቤተሰብ እጅ ይሠራል ወይ የሚለው ግን ገና አልታወቀም ነበር። ሐኪሙ እየመዘገበ አየ። ከ100 ታማሚ 30 ያህሉ ይሞት የነበረው ከ4 በታች ወረደ። ዛሬ ሕፃን ልጃችሁን የሚያድነው ከረጢት ከስደተኛ ካምፕ የወጣ ምስክርነት አለበት።

ሁለተኛው እዚሁ ጁባ የሆነ ነው። በ2007 ዓ.ም. ክረምት (እ.ኤ.አ. 2015) ኮሌራ ጁባ ገባ። ኮንዮ ኮንዮን የሚያውቅ ሰው ነገሩን ለመገመት አይቸገርም። ከነጭ አባይ የተቀዳ ውሃ በቦቴ ይመጣል፣ በጀሪካን ይሸጣል። ሻይ የምታፈላው እህታችን፣ ቦዳ ቦዳ ነጂው፣ ተሸካሚው፣ ነጋዴው፣ ሁሉም ከዚያው ይጠጣል። ገበያው ሐበሻ፣ ኡጋንዳዊ፣ ሱዳናዊ ብሎ አይለይም፤ ኮሌራም አይለይም። ጠዋት ለሥራ ወደ ገበያ የወጣ ሰው ማታ በሽታውን ይዞ ወደ ልጆቹ ሊገባ ይችላል።

በአፍ የሚሰጥ የኮሌራ ክትባት ነበር። ደንቡ ግን ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ደግሞ በዓለም ላይ የነበረው ክትባት አነስተኛ ነበር፣ ለሁሉ ሁለት ሁለት አይዳረስም። እንግዲህ ምን ይደረግ? ለግማሹ ሰው ሁለት ሰጥቶ ሌላውን ባዶ እጁን መተው ነው? ወይስ ለሁሉም አንድ አንድ ማካፈል? ይሄ የሐኪም ጥያቄ ብቻ አይደለም፣ የኅሊና ጥያቄ ነው።

ሕዝቡ መጥምቁ ዮሐንስን ምን እናድርግ ብለው ሲጠይቁት፣ ሁለት ልብስ ያለው ሰው ለሌለው እንዲያካፍል ነገራቸው። ጁባ ላይ የተደረገውም ይኸው ነበር፤ አንድ አንድ ተሰጠ። ግን አንድ ነገር አስተውሉ። ልብስ ላይ ነገሩ ግልጽ ነው፣ አንዱ ልብስ ብቻውን ይሸፍናል። አንዱ ክትባትስ ብቻውን ይሸፍናል? ካልሸፈነ እኮ አንድ ጋቢ ለሁለት ቀዶ ሁለቱንም ማስበረድ ነው። ደግነት ብቻውን ይህን ሊመልስ አይችልም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጸልይ ፍቅራቸው በእውቀት እንዲያድግ የለመነው ለዚህ ይመስለኛል (ፊልጵስዩስ 1፥9)። የማያውቅ ፍቅር የሚወደውን ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ስለዚህ የደቡብ ሱዳን ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርና ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከሌሎች ጋር ሆነው መጠየቅ ጀመሩ። በኮሌራ የተጠረጠሩ 87 ሕሙማንን መዘገቡ፤ ሲመረመሩ 34ቱ ኮሌራ ተገኘባቸው። ከመላው ጁባ ደግሞ 898 ሰዎችን መዘገቡ። ክትባቱን ማን ወሰደ፣ ማን አልወሰደም ብለው አነጻጸሩ። በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ የአንዱ ክትባት መከላከል 87 በመቶ ያህል ሆኖ ተገኘ። ይህ ማለት ሳይከተቡ 100 ሰው ይታመም ከነበረ፣ ቢከተቡ የሚታመሙት 13 ያህል ብቻ ናቸው ማለት ነው። አንዱ ልብስ ሸፈነ! ይህ ግን የሁለት ወር ያህል ነገር ነው፣ ለብዙ ጊዜ አይደለም። ባንግላዴሽ ላይ በተደረገ ሌላ ጥናትም ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን አንዱ ብቻ ብዙም አልጠቀማቸውም። ሙሉውን መናገር ተገቢ ነው።

ከዚያስ? እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ኮሌራ በብዙ አገር በአንድ ጊዜ ሲነሳና ክትባቱ ሲያልቅ፣ ወረርሽኝ በገባበት ቦታ ሁሉ ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ይሰጥ ተብሎ ለዓለም ተወሰነ። ያንን በድፍረት ለመወሰን ካስቻሉት ማስረጃዎች አንዱ የጁባ ሰዎች መልስ ነው።

ከእነዚያ 898 ሰዎች 858ቱ እስከ መጨረሻው ተከታትለው ተጠይቀዋል። ከእነሱ አንድም ሰው በኮሌራ አልታመመም። ስለዚህ ከመልሳቸው ለራሳቸው የተረፋቸው ነገር የለም። የጠቀሙት የማያውቁትን፣ ፊቱን የማያዩትን፣ ገና ያልታመመን ሰው ነው። ወገኖቼ፣ እኛ ስደተኞች ሁልጊዜ እጃችንን ዘርግተን የምንቀበል ተደርገን እንታያለን፤ እኛም ራሳችንን እንደዚያ ማየት ለምደናል። ሁለተኛ ልብስ የለን ይሆናል። እውነተኛ መልስ ግን አለን። እሱን መስጠት ምጽዋት ነው፤ ሰጪዎቹም እኛ ነን።

ጠያቂው ምን ዕዳ አለበት?

ስጦታ ግን ካስገደዱት ስጦታ አይሆንም። ስለዚህ የሚጠይቀውም ሰው በእግዚአብሔር ፊት ዕዳ አለበት።

አንደኛ፣ መጀመሪያ ቁስሉን ያክም። ደጉ ሳምራዊ የወደቀውን ሰው ሲያገኝ ዘይትና ወይን አፈሰሰለት፣ ቁስሉን አሰረለት፣ በራሱ እንስሳ ጭኖ ወሰደው። ነገድህ ምንድን ነው፣ ስንት ልጅ አለህ ብሎ እንደጠየቀው አልተጻፈም። በሚያጣጥር ሰው ፊት ቆሞ እየጻፈ የሚያልፍ፣ አይተው ካለፉት ከካህኑና ከሌዋዊው አይሻልም።

ሁለተኛ፣ ፈቃድ ይጠይቅ። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ ሠላሳ ስምንት ዓመት የታመመ ሰው ነበር። ጌታ ኢየሱስ ዘመኑን ያውቅ ነበር፣ ፍላጎቱንም ያውቅ ነበር። እንደዚያም ሆኖ መዳን ትወዳለህን ብሎ ጠየቀው። ሰው ሁሉ ተሻግሮት የሚሄደው ያ ምስኪን፣ ጌታ ፊት ግን ፈቃድ ያለው ሰው ነበር። እናንተም ናችሁ። ካልመለሳችሁ ራሽን ይቀርባችኋል የሚል ካለ እሱ ማስገደድ ነው። እምቢ ማለት ኃጢአት አይደለም። ስትጠየቁም መልሳችሁ ጠይቁ፦ ማን ላከህ? ለምን ጉዳይ ነው? ስሜ ይጻፋል? የወሰዳችሁት ደም የት ይሄዳል? በትሕትና ጠይቁ እንጂ አትፍሩ።

ሦስተኛ፣ ውጤቱን ይዞ ይመለስ። እኛ የተናገርነው በሩቅ አገር መጽሔት ላይ ታትሞ፣ እኛ ግን ሳንሰማ መቅረት የለበትም። ከሰው ቤት ዕቃ የተዋሰ ይመልሳል አይደል? ቃልም እንደዚያው ነው።

እኛስ ምን ዕዳ አለብን?

መልስ ከሰጠን እውነት መናገር አለብን። አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን።

ባሏ የሞተባት እናት አለች እንበል። አራት ልጆች አሏት። ሞቱን ከተናገረች ከካርዱ ላይ አንድ ስም ይሰረዛል፣ እህሉም ይቀንሳል። ስለዚህ በሌሊት ታስቀብርና ዝም ትላለች። በእሷ ላይ ድንጋይ የሚያነሳ ማነው? እኔ አላነሳም። ግን ዝምታው ምን እንደሚያደርግ አብረን እንመልከት።

የጤና ሰዎች አንድ መለኪያ አላቸው። ከ10,000 ሰው መካከል በየቀኑ ከ1 ሰው በላይ እየሞተ ከሆነ ይህ ድንገተኛ አደጋ ነው፣ ሐኪምና መድኃኒት ይሩጥ ይባላል። እስቲ አስቡት፣ 10,000 ሰው ባለበት ካምፕ በቀን 2 ሰው እየሞተ አንዱ ቢደበቅ፣ ወረቀቱ ላይ የሚታየው 1 ነው። ደወሉ አይደወልም። ሐኪሙ ወደ ሌላ ካምፕ ይሄዳል። በሚቀጥለው ሳምንት የሚሞተው የማን ልጅ ነው? የእሷ ወይም የጎረቤቷ ነው። ለአንድ ሰው እህል ተብሎ የተደበቀው መቃብር ሌላ መቃብር ያስቆፍራል።

አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። በአገራችንም አይተነዋል። ኮሌራ ለብዙ ዓመት በስሙ አልተጠራም፤ «አተት» ሲባል ኖሯል። አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ማለት ሐሰት አይደለም፣ ግን ሙሉ እውነትም አይደለም። ስም ሲደበቅ ጥንቃቄውም ይላላል። መንግሥት ሲያደርገው የምናዝነውን ነገር በቤታችን ስናደርገው ትንሽ ነው ማለት አንችልም።

ታዲያ የእናቲቱ ረሃብስ? «እውነት ተናገሪ፣ ጌታ ያውቃል» ብለን ሸኝተናት ብንሄድ፣ በእሷ ኪሳራ የእኛን ጽድቅ መግዛት ነው። ገላትያ 6፥2 አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም ያዛል። ስለዚህ በኮንዮ ኮንዮ የምትነግዱ፣ የቀን ሥራም የምታገኙ ወንድሞችና እህቶች፣ ሞቷን በእውነት ያስመዘገበች ቤተሰብ ስትኖር አንድ ማሉዋ ዱራ እንኳ ከየቤቱ እናዋጣላት። እድር ያደግንበት ነገር ነው፣ አይከብደንም። እውነት የሚያስከፍለውን ዋጋ አንድ መበለት ብቻዋን እንድትከፍል ከተውናት፣ ሐሰቱን የተናገርነው እኛም ጭምር ነን።

እንጸልይ

ጌታ ሆይ፣ የጠፋችውን አንዷን ፈልገህ የምታገኝ እረኛ አንተ ነህ። በመከራችን ለሚጠይቁን ርኅራኄን፣ ለምንመልሰው እውነትን ስጠን። ስለ እውነት የተጎዳውን ቤት እንድንሸከም ክንዳችንን አበርታ። ያልተመዘገቡትን ሙታናችንን አንተ ታውቃቸዋለህ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

በየኅብረቱ ለመወያየት

1. ስትጠየቁ እውነቱን ለመናገር የሚያስፈራችሁ ምንድን ነው?
2. ክትባቱ ለሁሉ ባይዳረስ እናንተ ወሳኝ ብትሆኑ እንዴት ታካፍሉ ነበር? ለምን?
3. በዚህ ወር በቀጠናችሁ ሐዘን የደረሰበት ቤት አለ? ምን ጎደለው?