የመልእክተኛው ጀርባ

ጅቡቲ ከተማ የምትኖረው በማስተላለፍ ነው። የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው በወደቦቿ ያልፋል፤ በባሕር ሥር የተዘረጉ ኬብሎችም ከዳርቻዋ ወጥተው ምሥራቅ አፍሪካን ከእስያና ከአውሮፓ ጋር ያነጋግራሉ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ሩቢማር የተባለችው በጥቃት የተመታች መርከብ መልሕቋን እየጎተተች ሳትበጥሳቸው አልቀረችም በተባሉት የቀይ ባሕር ኬብሎች ውስጥ እዚሁ ጅቡቲ የሚያርፉም ነበሩበት። ኬብል ሲበጠስ፣ ወይም ከመጀመሪያውም ካልደረሰ፣ ከሚቀሩት መንገዶች አንዱ ሳተላይት ነው። የሌላውን ቃልና ንብረት በማሳለፍ የምትኖር ከተማ አንድ የቆየ ጥያቄ ታነሣለች፦ የተሸከመውን የማይረዳ አድራሽ ታማኝ ሊባል ይችላል? እኔ ይችላል ባይ ነኝ፤ ግን ስሕተቱን የሚያሳውቅበት በር ካለው ብቻ ነው።

ይህን በር በዓይን ማየት የሚፈልግ ሰው የሳተላይት ሞደምን አዙሮ ጀርባውን ይመልከት። ዶራሌ ወደብ ፊት ለፊት መልሕቅ የጣለ የጭነት መርከብ የሚጠቀምበት ሞደም ከፊት ሲታይ ጥቂት መብራቶች ብቻ ናቸው፤ ቁም ነገሩ ከኋላ ነው። አንዱ ሶኬት ከዲሹ የሚመጣውን ይቀበላል፣ ሌላው ወደ ዲሹ የሚሄደውን ይልካል፤ ከጎናቸው የኤተርኔቱና የኮንሶሉ ሶኬቶች፣ የኤርዙም ማሰሪያ ተደርድረዋል። የመቀበያው ኬብል ግን መቀበል ብቻ አይደለም ሥራው። ሞደሙ በዚያው ሽቦ 13 ወይም 18 ቮልት ወደ ላይ ካልላከ ዲሹ ላይ ያለው ሲግናል ተቀባይ፣ ኤልኤንቢ፣ አይሠራም፤ ለመስማት አስቀድሞ መስጠት አለበት። ለመናገር ደግሞ አስቀድሞ መስማት አለበት፦ ከኔትወርኩ ማዕከል የሚመጣውን ሲግናል አጥርቶ እስኪይዝ ድረስ አያስተላልፍም፣ ከለቀቀውም ማስተላለፊያውን ወዲያው ይዘጋል። ይህ የተደረገው ለጎረቤት ታስቦ ነው፤ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሳተላይቶች በአንድ ቀለበት ተሰልፈው ስለሚዞሩ፣ ባልተፈቀደለት ሞገድ የሚናገር ዲሽ የሌላውን ንግግር ያበላሻል። በትላልቆቹ ሞደሞች ጀርባ ላይ ደግሞ ምንም መልእክት የማያልፍበት አንድ ሶኬት አለ፣ የአላርሙ። የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ተበላሽቻለሁ። መብራት ሲጠፋ እንኳ የሶኬቱ ማብሪያ ማጥፊያ (ሪሌው) በራሱ ወደ አላርሙ ስለሚመለስ፣ መሣሪያው ሞቶም ቢሆን መሞቱን ይናገራል።

አንባቢ «ብረት ምን ታማኝነት አለው?» ቢለኝ ትክክል ነው፤ የለውም። ታማኝነቱ የሠሪዎቹ ነው። ስለ አድራሽ ግዴታ ያሰቡትን በሶኬት መልክ አስቀመጡት፣ እኛም ልናነበው እንችላለን። ወደ ሰው ስንመጣ ነገሩ ይጸናል። በጅቡቲ ሠፈሮች ሶማሊኛ ወይም አፋርኛ ተናጋሪ የሆነ ሕፃን ዐረብኛውን ሳያውቅ ቁርኣንን በቃሉ ይይዛል። በጎጃምና በጎንደር የንባብ ቤት ተማሪ የግእዙን ትርጉም ከመማሩ በፊት ዳዊት ይደግማል። ሁለቱን ትምህርቶች «በቀቀን ማፍራት ነው» ብለው የሚነቅፉ አሉ፤ ነቀፋውን አቅልዬ አላየውም፤ ማስተዋል የሌለበት እምነት የጎደለ እምነት ነውና። ማድረስና ማመን ግን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የሚረዳ ሰው የማሻሻል ፈተና አለበት፦ የከበደውን ቃል ያቀላል፣ የጎደለ የመሰለውን ይሞላል። የጥንት መጻሕፍትን ቅጂዎች የሚያመሳክሩ ሊቃውንት ብዙ ጊዜ ከብልሁ ጸሐፊ ይልቅ ያየውን ብቻ የገለበጠውን የሚያምኑት ለዚህ ነው።

ሕፃኑን ታማኝ የሚያደርገው አለማወቁ አይደለም፤ የሚያርመው ሰው ፊቱ መኖሩ ነው። የኔታ ግድፈቱን ይለቅማሉ፤ የቁርኣን መምህሩ መዓሊም ያቋርጡታል። ከሁሉ የሚደንቀኝ የመስጊዱ ሥርዓት ነው፦ ሶላት የሚያሰግደው ኢማም አንቀጽ ቢጠፋው ከኋላው ከቆሙት የሚያውቅ ሰው ድምፁን አሰምቶ ያስታውሰዋል፣ እሱም ተቀብሎ ይቀጥላል። በፈጣሪ ፊት፣ በጉባኤ መካከል፣ መሪው ሊሳሳት እንደሚችል አስቀድሞ ታውቆ በር ተትቶለታል።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው። «እኔ አስተላላፊ ብቻ ነኝ» የሚለው ቃል ብዙ ወንጀል ሸፍኗል። በ1994 እ.ኤ.አ. ሩዋንዳ ውስጥ የሚል ኮሊን ራዲዮ በቅስቀሳው ሰው አስገድሏል፤ ለሩዋንዳ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት በ2003 እ.ኤ.አ. በራዲዮው መሥራቾች ላይ ሲፈርድ ጥፋተኛ ያደረገው ሰዎቹን እንጂ ማሠራጫውን አልነበረም። ለእኔ ይህ ክርክሬን አያፈርሰውም፤ ወሰኑን ያሳየዋል። ሽቦ የሚያልፍበትን ስለማይረዳ አይጠየቅም፤ ሰው ግን የሚያደርሰውን ከተረዳባት ሰዓት ጀምሮ ሽቦ ነኝ ማለት አይችልም። ያኔ ግዴታው መልእክቱን በስውር ማጣመምም አይደለም፤ ያ ሌላ ክሕደት ነው። ማስተላለፊያውን መዝጋት፣ መዝጋቱንም ለላኪውም ለተቀባዩም በግልጽ መናገር ነው። አብዛኛው አስተርጓሚ፣ ጋዜጠኛና ሰባኪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ ያልሰማውን እንደሰማ ያወራል፣ ሊያደርስ ያልፈለገውንም አሳጥሮ «ደረሰ» ይላል። ተቀባዩ ዝምታ ቢደርሰው ኖሮ ሌላ መንገድ ይፈልግ ነበር፤ የተጣመመ ቃል ሲደርሰው ግን የሚፈልገው ነገር እንዳለ እንኳ አያውቅም።