ሚዛኑ በእጃችን ሲሆን

 

በአንድ የምርጫ ሰሞን፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር ጣቢያው አካባቢ ሱቅ ያለው ክርስቲያን ጎረቤቴ ጠየቀኝ፦ «ኡስታዝ፣ ሊቀሰቅስ የሚመጣው ሁሉ በአሰላሙ ዐለይኩም ይጀምራል። እኛንስ ማን ምን ይለናል?» ያን ቀን መልስ አልነበረኝም።

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ሙስሊሙ ከሀገሪቱ ሕዝብ 33.9 በመቶ ነበር፤ በአፋር ክልል ግን ከ95 በመቶ በላይ። አዲስ አበባ ስንሄድ ያነስን፣ ሰመራ ስንመለስ የበዛን ነን።

ቁጥሩ ያነሰ ሰው መባበልን ያውቃታል። እጩው ኢፍጣር ላይ ይገኛል፣ ኮፍያ ያደርጋል፣ ቴምር ይዞ ፎቶ ይነሳል። ይህ በራሱ ነውር የለውም፤ በሰላምታ ለመጣ በሰላምታ እንመልሳለን። ነውሩ መብታችንን ስጦታ አስመስሎ ሲያቀርብልን ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አባቶቻችን አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ የወጡት እኩልነትን ብለው ነው፤ በዓሎቻችን በሀገር ደረጃ እንዲከበሩም ጠይቀዋል። ክርስቲያን ወገኖችም አብረዋቸው ወጥተዋል። ዒድ ሥራ ተዘግቶ መዋል የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የማንም ፓርቲ ችሮታ አይደለም።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ጥያቄ ልመለስ። ሱረቱል ሙጦፊፊን ሲቀበሉ ሞልተው፣ ሲሰጡ አጉድለው የሚሰፍሩትን ታስጠነቅቃለች። ነገሩ ስለ አፍዴራ ጨው ሚዛን ብቻ አይምሰላችሁ። አዲስ አበባ ላይ ሙሉ መብት የምንጠይቅ ሰዎች፣ አዋሽ ላይ «እኛ ብዙ ነን» ብለን የጎረቤታችንን ድርሻ ካጎደልን፣ አጉዳዮቹ እኛው ነን።

ስለዚህ እጩ ሲመጣላችሁ አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ለእኛ ያልከውን ክርስቲያኑ ጎረቤታችን ባለበት ትደግመዋለህ?» ከደገመው ቃል ነው። ካፈረበት ግን ማጥመጃ ነው፤ እኛን ያስደሰተው በሌላው ሐቅ ነው ማለት ነው። ነገ ሌላ ቦታ፣ እኛ በሌለንበት፣ በእኛም ሐቅ ሌላውን ያስደስታል።

ከዚያ ስለ ውሃው፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ጎርፉ ጠይቁት። አዋሽ ሲሞላ የማንንም ሃይማኖት ጠይቆ አይገባም።

ድምፅ አማና ነው። ዛሬ ከሶላት ስትመለሱ የአንድ ክርስቲያን ጎረቤታችሁን ደጅ አንኳኩና ከምርጫው ምን እንደሚጠብቅ ጠይቁት። የእኔም ዘግይቶ የመጣ መልስ ይኸው ነው፤ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

አላህ ስንቀበልም ስንሰጥም ሚዛናችንን ያስተካክልልን። ኣሚን። ወሏሁ አዕለም።