«ብሉልኝ» እና «ጤና ይስጥልኝ»

አማርኛችን በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ብዙ ፍቅር ማኖር የሚችል ቋንቋ ነው። እንግዳ ከደጃፋችን ሲደርስ «ጤና ይስጥልኝ» ብለን እንቀበለዋለን፤ ከማዕዱ ፊት ሲቀመጥ ደግሞ «ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ» እያልን እንለምነዋለን። በሁለቱም ቃላት መጨረሻ ላይ ያለችው «ልኝ» አንዲት ናት። የእንግዳው ጤና ለተቀባዩ እንደ ተሰጠ ስጦታ፣ የእንግዳው መብላትም ለጋባዡ እንደ ተዋለ ውለታ ይቈጠራል። አባቶቻችን ሁለቱን ምኞቶች በአንድ አፍ ሲናገሩ አንዱ ከሌላው ጋር ይጣላል ብለው አላሰቡም። ዛሬ ግን በየግብዣው ሲጣሉ እናያለን። እንግዲህ «ብሉልኝ» እና «ጤና ይስጥልኝ» በአንድ ገበታ ላይ ሲጋጩ የትኛው ለየትኛው ይገዛ?

ለዚህ ጥያቄ ያነቃኝ የራሴ ጥፋት ነው። በ2015 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል ዕለት አንድ የረጅም ዘመን ወዳጄ በሁለት ቤት ተጋብዞ ውሎ ወደ ማታ ከእኔ ቤት ደረሰ። ጥቂት ቀምሶ «በቃኝ» አለ። እኔም ዶሮውን ከነዕንቁላሉ በእንጀራ ጠቅልዬ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያልሁ ወደ አፉ አቀረብሁ። ፊቴን አየ፤ በዙሪያው የተቀመጡትንም አየ፤ ከዚያም አፉን ከፈተ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብዬ ሁለተኛውን አስከተልሁ፤ ጠጁንም በላይ በላዩ ቀዳሁለት። በማግስቱ ባለቤቱ ስልክ ደውላ፣ «ጋሼ፣ አይቀየሙኝና፣ እርሱ እኮ የስኳር ሕመም አለበት፤ ሌሊቱን ሐኪም ቤት ነው ያደርነው» አለችኝ። ልጠይቀው ሄጄ ለምን እንዳልነገረኝ ብወቅሰው፣ «በዓመት በዓል ሦስት ቤት አስቀይሜ ከምገባ እኔ ብታመም ይሻላል ብዬ ነው» አለኝ። የሦስታችን ገበታ ለየብቻው ቢመዘን ይህን ያህል በደል አይገኝበትም፤ እያንዳንዳችን ያየነው የራሳችንን ሳህን ብቻ ነበርና። ሦስቱንም የተሸከመው ግን አንድ ሰውነት ነው።

ይህን ስል ልማዳችንን ለመንቀፍ መቸኰሌ አይደለም። እንግዳን አጥብቆ የመለመን ልማድ በቂ ምክንያት ነበረው። በሀገራችን ጨዋ ሰው ቢርበውም «በልቻለሁ» ይላል፤ ይሉኝታ ረሀቡን ያስደብቀዋል። ጋባዡም ይህን ስለሚያውቅ የመጀመሪያውን «እምቢ» እንደ እምቢታ አይቀበለውም፤ እንግዳው ክብሩ ሳይነካ ይበላ ዘንድ ሁለተኛና ሦስተኛ ይለምነዋል፣ በሞቱም ይማጸነዋል። ስለዚህ «በሞቴ» የተራበውን ከኀፍረት የምታድን የምሕረት ቃል ነበረች። ይሁን እንጂ ያን ጊዜ እንግዳው ይደብቅ የነበረው ረሀቡን ነው፤ በዛሬው የስደት ማዕዳችን ብዙ ጊዜ የሚደብቀው ግን ሕመሙን ነው። ቃሉ አልተለወጠም፤ የተደበቀው ነገር ተለወጠ።

ኑሯችንም ተለውጧል። በሀገር ቤት ድግስ ለብዙው ሰው በዓመት በዓልና በሰርግ የሚመጣ ብርቅ ነገር ነበር፤ የገጠሩ ተጋባዥም በእግሩ መጥቶ በእግሩ ይመለሳል፣ በዓሉም ሲያልፍ ወደ እርሻው ይወርዳል። እዚህ ግን ክርስትናው፣ ምርቃቱ፣ ማኅበሩና ተዝካሩ ሁሉ ቅዳሜና እሑድን ጠብቆ ይደረደራል፤ ሄደን የምንመለሰው በመኪና ነው፤ ብዙዎቻችንም የሥራ ቀናችንን የምንገፋው ተቀምጠን ነው። በ1977 ዓ.ም. በሙሴ ዘመቻ፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል በገቡት ወገኖቻችን ላይ የታየው ለሁላችን ትምህርት ነው። በደረሱበት ጊዜ በመካከላቸው እጅግ ጥቂት የነበረው የስኳር ሕመም፣ አኗኗራቸውና አመጋገባቸው ሲለወጥ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደ በዛ ሐኪሞች መዝግበዋል።

የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ስለ ሥነ ምግባር ሲያስተምር፣ ልክ ማለት ለሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ስፍር ማለት እንዳይደለ የገለጠው በምግብ ምሳሌ ነበር። ለታወቀው ትግለኛ ለሚሎን የሚያንሰው ምግብ ልምምድ ገና ለጀመረው ሰው ይበዛበታል። እንግዲህ ጋባዥ ለእንግዶቹ ሁሉ እኩል ሊያደርገው የሚገባው አክብሮቱን እንጂ የጭልፋውን ስፍር አይደለም። ይኸው ፈላስፋ በምግብ ደስታ ያለ ልክ የሚሰጥመውን ብቻ ሳይሆን፣ ጥቂት ቢሆንም ከቶ ደስታ የማይሰማውንም ሰው ከልክ የወጣ አድርጎ ቈጥሮታል። ስለዚህ መልካም ወጥ መውደድ ነውር አይደለም፤ መውደዱም ልክ ማወቁም በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

የቤተ ክርስቲያናችንም ሥርዓት ይህን አልዘነጋም። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጽ ስለ ጾም ሲደነግግ ለታመመ ሰው ይራራል። ጾም ለእግዚአብሔር የምናቀርበው ነው፤ ግብዣ ግን የእኛ ነው። እግዚአብሔር ድውዩን ከራሱ ጾም ነጻ ሲያወጣው እኛ ከራሳችን ድግስ ነጻ የማናወጣው በምን ሥልጣን ነው? እንግዳው በቃኝ ሲል የምንቀየመውስ ስለ እርሱ ነውን ወይስ ስለ ሙያችን ምስጋና? ይህን ጥያቄ ለራሴ ባቀረብሁ ጊዜ፣ በዚያ ምሽት «ብላልኝ» ስል የተናገርሁት ለወዳጄ ሳይሆን ለራሴ እንደ ነበር ተረዳሁ።

እንግዳውም ቢሆን ድርሻ አለበት። ሕመሙን ለሚያምነው ጋባዥ አስቀድሞ በጆሮው ቢነግረው፣ በማዕዱ ፊት ከመጨነቅ ይድናል። ከቀረበው የሚስማማውን ጥቂት ቀምሶ ያዘጋጁትን እጆች ማመስገን ይገባዋል፤ ምንም ሳይነካ የሌላውን ሳህን እያየ ስለ ቅቤና ስለ ስኳር የሚሰብክ ሰው የሁሉን ደስታ ያጨልማል። ሕመም የሌለብንም ብንሆን፣ 55 ቀን የታገሥነውን ጾም በአንዲት ሌሊት ጥጋብ መካካስ ጾሙ ያስተማረንን መርሳት ነው።

ውድ ምእመናን፣ የምለው ድግሱ ይቅር አይደለም። በስደት የተበተነውን ሕዝብ እስከ ዛሬ አንድ አድርጎ ያቈየው ከጸሎቱ ቀጥሎ ይህ ማዕድ ነውና። የምለው፣ ጎመኑና ምስሩ ከዶሮው እኩል በክብር ይቅረብ፤ ውኃው ከጠጁ አጠገብ ይቀመጥ፤ ለይሉኝታው ሲባል አንድ ጊዜ እንለምን፣ ሁለተኛም እንለምን፣ በሦስተኛው ግን የእንግዳውን ቃል እንመን ነው። «ጎመን በጤና» ያሉ አበው ድግስ የማይወዱ ሆነው አልነበረም።

ያ ወዳጄ ባለፈው ትንሣኤም ከቤቴ መጣ። ጥቂት በላ፤ ብዙ ተጫወተ፤ ከሁሉም በኋላ ተነሣ። ስሸኘው ከደጃፉ ላይ «ጤና ይስጥልኝ» አልሁት፤ የቃሉንም ዕዳ ያን ጊዜ ዐወቅሁ።