የግመል ዋጋና የሰው ዋጋ

በዚህ እትም የምናነሳው ጥያቄ አጭር ነው፤ መልሱ ግን ብዙ ያከራክራል። ሰው የሚከበረው በሚሰጠው ጥቅም ነውን? ወይስ ሰው በመሆኑ ብቻ? ጉዳዩ ለፈላስፎች የተተወ እንዳይመስላችሁ። ሥራ አጥቶ የራሽን ተራ የሚጠብቅ ስደተኛ ሁሉ፣ አፉን አውጥቶ ባይናገረውም፣ ሌሊት ጋደም ሲል ራሱን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ «እኔ ለማን እጠቅማለሁ? ሸክም ሆኜ ቀረሁን?»

መልሱን ለመፈለግ ሩቅ አንሄድም። የተጠለልነው በግመል አገር ነውና ከግመል እንጀምር።

በሰሜን ኮርዶፋን ካባቢሾች፣ በቀይ ባሕር ኮረብታዎች ቤጃዎች፣ በከሰላ ዙሪያ ራሻይዳዎች፣ በእኛም አገር አፋሮችና ሶማሌዎች ኑሯቸውን ከመሠረቱባቸው ነገሮች ዋነኛው ይህ እንስሳ ነው። ግመል ለዘላን ቤቱን የሚያጓጉዝለት፣ ወተት የሚሰጠው፣ ክፉ ቀን ሲመጣም ሸጦ የሚተርፍበት ሀብቱ ነው። ከ150 እስከ 200 ኪሎ ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ ይጓዛል። ከአፋር ቆላ እየተቆረጠ ወደ መቀሌ ይወጣ የነበረው፣ በዘመኑም እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው አሞሌ ጨው ለብዙ መቶ ዓመታት የተጓዘው በግመል ቅፍለት ነው። መኪና በአብዛኛው ቦታውን የወሰደበት በቅርቡ ነው።

ግመል በሻኛው ውኃ ያጠራቅማል የሚል ሰው ብዙ ነው። ሻኛው የያዘው ግን ስብ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 እና በ1954 ክኑት ሽሚት-ኒልሰን የተባለ ሊቅ በአልጄሪያ በረሃ ግመሎችን አጥንቶ ነበር። ግመል ውኃ ሲያጣ የሰውነቱ ሙቀት ሌሊት ወደ 34 ዲግሪ ይወርዳል፤ ቀን ወደ 41 ዲግሪ ይወጣል፤ በዚህም ላቡን ይቆጥባል። ከክብደቱ ሩብ ያህሉን በጥም አጥቶ እንኳ መንገዱን አያቋርጥም፤ ውኃ ሲያገኝ ደግሞ 100 ሊትር ያህል በጥቂት ደቂቃዎች ይጠጣል። እንግዲህ የግመል ጽናት ካለማጣት የመጣ አይደለም፤ ማጣትን ከመቻል የመጣ ነው።

«ታዲያ ግመል የሚወደደው ስለሚጠቅም አይደለምን?» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ዘላኑም ሲቸግረው ይሸጠዋል። ከዳርፉር ተነሥቶ ግብፅ አሲዩት በሚያደርሰው፣ «ደርብ አል-አርበዒን» በተባለው የአርባ ቀን መንገድ፣ ለዘመናት እጅግ ብዙ ግመል ለገበያ ተነድቷል። ነገር ግን በዚያው መንገድ፣ ከግመሎቹ ጎን፣ የሰው ልጆችም ባሪያ ተብለው ተነድተዋል። ጥቅምን የክብር መለኪያ ያደረገ ዓይን ከግመሉ ወደ ሰው ለመሻገር ብዙ እንደማይርቀው ይህ መንገድ ይመሰክራል።

ይሁን እንጂ ግመል አርቢዎቹ ራሳቸው ለጥቅም ልክ አብጅተውለታል። የሴት ግመል ጡት አራት ነው፤ በብዙዎች ልማድ ሁለቱ ታልበው ሁለቱ ለግልገሏ ይተዋሉ። በብዙዎቹም ዘንድ ወተት መሸጥ ነውር ነበር፤ ወተት ለእንግዳ የሚቀርብ እንጂ በዋጋ የሚለካ አልነበረም። ዛሬ በየከተማው መሸጡ እውነት ነው፤ ትምህርቱ ግን አላረጀም። ግመሏ የባለቤቷ ሀብት ብትሆንም፣ ምንም ያልሠሩት ግልገሉና እንግዳው ከወተቷ ድርሻ አላቸው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የደም ካሳ ሥርዓት ነው። በአረብ ዘላኖችና በሶማሌዎች የቆየ ልማድ ለተገደለ ወንድ የሚከፈለው 100 ግመል ነው። ለሴት ግማሹ መሆኑን እኛ ከጉድለት እንቆጥረዋለን፤ አንሸፋፍነውም። ሆኖም አንድ ነገር አስተውሉ። ሟቹ ብርቱ እረኛም ይሁን አልጋ የያዘ በሽተኛ፣ ባለ ብዙ መንጋም ይሁን አንዲት ፍየል የሌለችው ድሃ፣ ሥርዓቱ የሚያውቀው ያንኑ 100 ነው። «ይህ ሰው ምን ይሠራ ነበር?» ተብሎ አይቀነስም። ሁሉን በግመል የሚለካ ሕዝብ እንኳ ሰው ዘንድ ሲደርስ ጥቅሙን መለካት ትቷል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ፣ ቀድሞ ከሌላ ጦርነት ያመለጡ ወገኖቻችን ዳግመኛ ተሰደዱ። ሻይ ትሸጥ የነበረችውም፣ መምህሩም፣ የቀን ሠራተኛውም እኩል መንገድ ላይ ወደቁ። ሙያቸውና ገቢያቸው ከኋላቸው ቀረ፤ ሰውነታቸው ግን አብሯቸው ወጣ። ስለዚህ ለጥያቄው መልሳችን ይህ ነው፤ ሥራ ያጣ ሰው ዋጋ አላጣም።

ይህን ስንል ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥን እያሞገስን አይደለም። አበው «ግመል ሰርቆ አጎንብሶ» ይላሉ። እኛም ከዚህ አገር ሕዝብ፣ ራሱ እየተፈናቀለ እንኳ ካካፈለን፣ የተቀበልነው ውለታ የግመል ያህል ነው፤ አጎንብሰን የምንደብቀው አይደለም። ውለታ የሚመለሰው ደግሞ በማፈር ሳይሆን በማካፈል ነው። ፊደል የቆጠረ ላልቆጠረው ያስተምር፤ ጉልበት ያለው ለአሮጊቷ ውኃ ይቅዳላት። ይህንን የምናደርገው ግን ዋጋ እንዳለን ለማስመስከር አይደለም፤ እሷም እንደ ግልገሉ ድርሻ ስላላት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ዳርፉር ውስጥ በ1995 ዓ.ም. ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላ ጃንጃዊድ የተባሉት ታጣቂዎች በግመልና በፈረስ ሆነው መንደሮችን አቃጥለዋል። ግመሉ ግን ማንን እንደተሸከመ አያውቅምና አይፈረድበትም። ሰው ግን ግመል አይደለም፤ የሚጫንበትን የመጠየቅ አእምሮ ተሰጥቶታል። ዋጋዬ በጥቅሜ ነው ብሎ ያመነ ወጣት «ትጠቅመናለህ» ላለው ሁሉ ይንበረከካል፤ ጠመንጃም ቢሆን፣ ጥላቻም ቢሆን፣ የተጫነበትን ይዞ ይነሣል። ሳይሠራም ሰው መሆኑን የተረዳ ግን «ጭነቱ ምንድን ነው? ወዴትስ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ካልመሰለውም አልነሣም ይላል።

ውድ አንባቢያን፤ የማትስማሙበት ካለ ለሚቀጥለው እትም ጻፉልን። ይህችን ወረቀትም አንብባችሁ ስትጨርሱ ለጎረቤታችሁ አስተላልፏት፤ ማንበብ ለማይችል ደግሞ አንብቡለት።