ክፍሉ ሁሉ የተለወጠ መኪና

ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም የአውቶሞቢል ትርኢት ላይ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር የብረት እጥረት ስለነበረ አካሉ በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ፤ አካሉን የሚሸከመው ሻንሲ ግን ብረት ሆነ። በክረምት ጨው በሚነሰነስበት የእንግሊዝ መንገድ ላይ አካሉ ደህና ሆኖ ሳለ ሻንሲው ከውስጥ በዝገት ይበላል። ሁለቱ የተያያዙት በቡሎን በመሆኑ፣ ትዕግሥትና መሣሪያ ያለው ባለቤት እዚያው ግቢው ውስጥ ፈታትቶ አዲስ ሻንሲ ሊያስገባለት ይችላል። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ፍሬኑና ባሌስትራውም ተራ በተራ ይለወጣሉ። ከፋብሪካ የወጣው ብረት እየተመናመነ ሲሄድ፣ መኪናው ያው የቀድሞው ነው ወይስ ሌላ?

ጥያቄው ከመኪና በፊት የነበረ ነው። የጥንቱ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደጻፈው አቴናውያን የአፈ ታሪክ ጀግናቸውን የቴሴዎስን መርከብ የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በአዲስ እየተኩ አቆይተውታል፤ ፈላስፎችም በዚሁ መርከብ ሁለት ጎራ ለይተው ተከራክረዋል። ፈላስፋው ቶማስ ሆብስ እ.ኤ.አ. በ1655 ክርክሩን አከረረው፦ የወጡትን ሳንቆች አንድ ሰው አጠራቅሞ እንደነበሩ ቢገጥማቸው የትኛው ነው እውነተኛው መርከብ? በአሮጌ መኪና ዓለም ይህ የሐሳብ ጨዋታ አይደለም። የተጣለ ሻንሲ ተበይዶ ለሌላ መኪና መሠረት ይሆናል።

የብሪታንያ የተሽከርካሪ ምዝገባ መሥሪያ ቤት ጉዳዩን ለብዙ ዓመታት ላልተለወጡ ክፍሎች በሚሰጥ ነጥብ ዳኝቷል፦ ሻንሲ 5፤ ሰስፔንሽን፣ አክስል፣ ትራንስሚሽንና መሪ እያንዳንዳቸው 2፤ ሞተር 1። 8 ነጥብ ያልሞላ መኪና የቀድሞ ታርጋውን ያጣ ነበር። ከአምራቹ በቀጥታ የተገዛ፣ ያልተቀየረ አዲስ ሻንሲም 5 ነጥቡን ያገኝ ነበር። እንግዲህ ሻንሲውን በተመለከተ ሕጉ ራሱ አሮጌውን ብረት አልጠየቀም፤ የጠየቀው ቅርጹን ነው። ቁስ አካል ብቻውን ማንነት እንደማይሆን አርስቶትል ያስተማረው እዚህ ቢሮ ውስጥ ሳይጠራ ገብቷል ማለት ይቻላል።

ከሁሉ ጠልቆ የሄደው ግን ፈላስፋው ጆን ሎክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1694 ለታተመው፣ ስለ ሰው ማስተዋል ለጻፈው ድርሰት ሁለተኛ እትም በጨመረው ምዕራፍ፣ ችግኝ አድጎ ግዙፍ ዛፍ ሲሆን ቁሱ ቢለወጥም ያው ዛፍ የሚሆነው አንድ ሕይወት ስለሚቀጥልበት ነው ይላል። ሰዓትን ከእንስሳ አካል ጋር ሲያነጻጽር ደግሞ ልዩነቱን ይጠቁማል፦ በእንስሳ ኃይሉ የሚመነጨው ከውስጥ ነው፤ በማሽን ግን ከውጭ ይመጣል። መኪና ራሱን አይጠግንም። ሕይወት የሚመስለውን ቀጣይነት የሚሰጠው የሚንከባከበው ሰው ነው።

ይህ በሥራው ላይ ይታያል። በ2.25 ሊትሩ የላንድሮቨር ቤንዚን ሞተር የቫልቭ ክፍተት 0.25 ሚሊሜትር ነው። ክዳኑ ይነሳል፣ ሞተሩ በእጅ ይዞራል፣ ቀጭኗ መለኪያ ትገባለች። ስትሳብ ትንሽ ያዝ ልታደርግ ይገባል፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን መጽሐፍ ሊነግር አይችልም፣ ጣት ብቻ ያውቀዋል። ልኩን የሚያስረው ዳዶ ሲጠብቅ ልኩ ስለሚዛነፍ እንደገና ይለካል። ጎበዝ መካኒክም ይህን ይሠራል፤ ነገር ግን ባለፈው ወር ያልነበረውን ቅጭልታ ለይቶ የሚሰማው፣ በየቀኑ የሚነዳውና ራሱ የሚጠግነው ሰው ነው።

ማሻሻል ከመጠገን ይለያል። ጥገና መኪናውን ወደ ልኩ ይመልሳል፤ ማሻሻያ ልኩን ራሱን ይለውጣል። ቢሆንም ከበሮ ፍሬንን በዲስክ መተካት፣ ወይም ጠንካራ የናፍጣ ሞተር መግጠም ላንድሮቨሩን ከተፈጠረበት ዓላማ አያወጣውም፤ ጭቃና ዳገት ላይ የሚሠራውን ሥራ ያጠነክርለታል። አስፋልት ላይ ብቻ እንዲታይ ተብሎ ዝቅ የተደረገና ገደል መንገድ የተከለከለው መኪና ግን፣ አንድም ቡሎን ባይለወጥበት እንኳ፣ ከቀድሞው ርቋል።

በእንክብካቤው ቀጣይነት ሲለካ የሆብስ ጥያቄ መልስ ያገኛል፦ ያው መኪና ጥገናው ሳይቋረጥ የቀጠለው ነው፤ ከተጣለው ሻንሲ የተነሳው ሌላ ታሪክ የሚጀምር ሌላ መኪና ነው። የሚያስቸግረው መኪናው እጅ ሲለውጥ ነው። ምን እንደተለወጠ፣ መቼና ለምን እንደተለወጠ የተጻፈበት ደብተር አብሮ ከተሰጠ፣ ገዢው እንክብካቤውን ከቆመበት ይቀጥላል። ካልተሰጠ፣ የቀድሞው ባለቤት የሚያውቀውን እያንዳንዱን ነገር በራሱ እጅ ፈትቶ ማግኘት አለበት።