በዐውሎ ነፋስ ሌሊት የተንኳኳ በር

የስብከቱ ምንባብ፦ የሐዋርያት ሥራ 27፥13 እስከ 28፥2



ሐዋርያው ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም ሲወሰድ የደረሰበትን የባሕር መከራ፥ ወንጌላዊው ሉቃስ አብሮት በመርከቡ ስለ ነበረ እንደ ዓይን ምስክር ጽፎልናል። በመጀመሪያ ልከኛ የደቡብ ነፋስ ነፈሰ፤ የመቶ አለቃውም ከእስረኛው ምክር ይልቅ የመርከቡን መሪና ባለቤት ቃል አመነ። ጥቂት ቈይቶ ግን አውራቂስ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ከደሴቲቱ ወረደባቸው፤ ብዙ ቀንም ፀሐይና ከዋክብት ሳይታዩአቸው ቀሩ። በዚያ ዘመን ለመርከበኛ መንገዱን የሚያሳዩት መብራቶች እነዚህ ነበሩና፥ እነርሱ በጠፉ ጊዜ ተስፋውም አብሮ ጠፋ።

እኛ የደጋ ሰዎች የባሕርን ማዕበል አናውቅም፤ ጨለማን ግን እናውቃለን። በኩራዝ ብርሃን ያደግን ብዙዎች ነን፤ ዛሬም የኤሌክትሪክ መብራት በገባባቸው ከተሞቻችን ዝናብና ነፋስ ሽቦውን ሲበጥሰው በየቤቱ ሻማ ፍለጋ መዳበስ የተለመደ ነው። እንግዲህ ስለዚህ ምንባብ ልንነግራችሁ የምንወደው ከመጽሐፍ ብቻ የተማርነውን ሳይሆን፥ በጨለማ ሌሊት በገዛ ነውራችን የተማርነውንም ነው።

በ2017 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ለአገልግሎት ወደ ኡጋንዳ ሄደን፥ በዋና ከተማዋ በካምፓላ ካምዎክያ በሚባለው ሰፈር በአንድ ያገራችን ሰው ቤት በእንግድነት ተቀምጠን ነበር። ካምፓላ እንደ አዲስ አበባ በኮረብቶች ላይ የተሠራች ከተማ ናት። በኮረብቶቿ መካከል ያሉት ሸለቆዎች ግን በጣና ሐይቅ ታንኳ እንደሚሠራበት ያለ ደንገል የሞላባቸው ረግረጎች ነበሩ። ደንገሉ የዝናቡን ውኃ ይዞ ቀስ በቀስ ወደ ሐይቁ ይለቀው ነበር፤ ረግረጉ እየተደለደለ ቤት ሲሠራበት ግን ውኃው ማደሪያ አጣ። ካምዎክያም እንዲሁ ናት፤ ከላይ በመንገዱ በኩል የኡጋንዳ ቤተ መዘክርና ያማሩ ቤቶች አሉ፤ ከታች ግን ድኾች ሙዚጎ በሚሏቸው ባለ አንድ ክፍል ቤቶች ተጠጋግተው ይኖራሉ፤ ከላይ የወረደው ውኃ ሁሉ ወደ እነርሱ ይሄዳል።

መርከብ የሚሰብረው ታላቁ የባሕር ዐውሎ ነፋስ እዚያ አይደርስም። ነፋሱን የሚያሽከረክረው የምድር ዙረት ኃይል በምድር ወገብ አጠገብ እጅግ ደካማ ስለ ሆነ፥ እንዲህ ያለው ዐውሎ በዚያ አይወለድም፤ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የሞዛምቢክን ከተማ ቤይራን አፍርሶ በጨለማ የጣላት ኢዳይ የተባለው ዐውሎ ከዚያ ርቆ በደቡብ የተነሣ ነበር። ነገር ግን የቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ በዓለም ላይ ነጎድጓድ ከሚበዛባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። ሌሊት ከሐይቁ ላይ የሚነሣው ሞቃትና እርጥብ አየር ከምድር ከሚነፍሰው ቀዝቃዛ ነፋስ ጋር ሲገናኝ ደመናው ይቈለላል፤ ዝናቡም ከመብረቅና ከብርቱ ነፋስ ጋር ይወርዳል። መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. የወረደው ዝናብ የካምፓላን መንገዶች ወንዝ አድርጓቸው ነበር፤ በጎርፉም ሰባት ሰዎች ሞቱ።

በዚያው ሰሞን በአንድ ምሽት ዝናቡ ከነፋስ ጋር መጣ። ቆርቆሮ ከየጣራው ተገነጠለ፤ የመብራት ሽቦ ተበጠሰ፤ ሰፈሩ ሁሉ ከላይ እስከ ታች በአንድ ቅጽበት ጨለመ። ያደርንበት ቤት ግን በዳገቱ በኩል ስለ ነበረ ውኃ አልደረሰበትም፤ ባለቤቱም በፀሐይ ኃይል የሚሞላ መብራት ስለ ነበረው ገበታችን ብርሃን አላጣም። እራት ቀርቦ፥ የማዕድ ጸሎት አድርሰን፥ ገና ሳንቈርስ በሩ ተንኳኳ። የሴት ድምፅ በማናውቀው ቋንቋ ይጣራ ነበር። ባለቤቱ ብድግ ብሎ፥ «ቄስ፥ የተቸገረች ትመስላለች፤ ልክፈትላት?» አለን። እኛም፥ «በእንዲህ ያለ ጨለማ ከኋላዋ ማን እንዳለ አይታወቅም፤ ይቅር» አልነው። እርሱም የቄስን ቃል አክብሮ ተቀመጠ። በሩ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ፤ ከዚያ በኋላ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ። እኛም እንጀራውን ቈረስን።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! የዚያን ሌሊት ነገር በዚህ ምንባብ ፊት አቅርበን ስንመረምረው ሦስት ነገሮችን አስተማረን።

1ኛ፤ ልከኛው ነፋስ ያታልላል። የመርከቡ ሰዎች የደቡቡ ነፋስ በለዘበ ጊዜ ያሰቡት የተሳካላቸው መሰላቸው። ሰው ብርሃን በቤቱ ሳለ፥ ብርሃኑ በልመና የተቀበለው መሆኑን ይረሳል። የኡጋንዳ መብራት ከዋነኞቹ ምንጮቹ አንዱ ነጭ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጂንጃ ያለው ግድብ ነው፤ ይህም ግድብ በ1946 ዓ.ም. በእንግሊዝ ንግሥት በዳግማዊት ኤልሳቤጥ ተመርቆ፥ ዛሬ ናሉባሌ ይባላል። ሚያዝያ 6 ቀን 2012 ዓ.ም. ከሐይቁ ዳር የተገነጠለ ተንሳፋፊ የሣርና የደንገል ደሴት ውኃው እየገፋው መጥቶ የግድቡን የውኃ መግቢያ ስለ ዘጋው፥ አገሪቱ በሙሉ ጨለመች። ብረትና ሲሚንቶ ያቆመውን ታላቅ ሥራ የረግረግ ሣር አስቆመው! መሐንዲሶችን ለመንቀፍ ይህን አልተናገርንም፤ ሥራቸው የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ መብራቱንም መልሰው አበርተዋል። ነገር ግን ስጦታውን በሰጪው ቦታ የሚያስቀምጥ ልብ፥ ስጦታው ሲታወክ ወዲያው በፍርሃት ይያዛል። የእኛም ልብ እንዲሁ ነበረ። ከእግዚአብሔር ይልቅ በዚያች በተሞላች መብራትና በተቀረቀረው በር ታምነን ነበርና፥ የአንዲት ሴት ድምፅ አስፈራን።

2ኛ፤ በአንድ መርከብ ያሉት አብረው ይድናሉ። በመንፈቀ ሌሊት መርከበኞቹ መልሕቅ የሚጥሉ መስለው በታንኳ ብቻቸውን ሊያመልጡ በፈለጉ ጊዜ፥ ጳውሎስ እነዚህ በመርከቡ ካልቈዩ ሌላውም ሊድን እንደማይችል ለመቶ አለቃው ነገረው፤ ወታደሮቹም የታንኳይቱን ገመድ ቈረጡ። ጳውሎስ ቅዱስ ስለ ሆነ ለብቻው አልዳነም፤ እግዚአብሔር ከእርሱ ጋር የሚሄዱትን ሁሉ፥ 276 ነፍስ፥ ለእርሱ ሰጠው። ወዮ! እኛ በዚያች ሌሊት ታንኳይቱን አውርደን ብቻችንን ለማምለጥ የሞከርን መርከበኞች ነበርን። ጌታ መብራት በመቅረዝ ላይ እንጂ ከዕንቅብ በታች እንዳይቀመጥ አስተምሮን ሳለ፥ በሩን ዕንቅብ አድርገን በመብራታችን ላይ ደፋነው። በካምፓላ ሰዎች አስቀድመው ገንዘብ ከፍለው የሚጠቀሙበትን የመብራት ቈጣሪ «ያካ» ይሉታል፤ በሉጋንዳ ቋንቋ «ብራ» እንደ ማለት ነው። ቃሉ በግድግዳችን ላይ ነበረ፤ እኛ ግን አልበራንም።

3ኛ፤ እንጀራው በጨለማ ይቈረሳል፤ እሳቱም ከማይጠበቅ እጅ ይመጣል። ጳውሎስ በዐሥራ አራተኛው ሌሊት፥ ገና ጎሕ ሳይቀድ፥ ነፋሱም ሳይተው እንጀራ ይዞ በሁሉ ፊት እግዚአብሔርን አመሰገነ፤ ቈርሶም በላ፤ ሁሉም ተጽናኑ። መርከቡ ከተሰበረ በኋላም የመላጥያ ደሴት ሰዎች፥ ሕዝበ እግዚአብሔር ያልተባሉት እነዚያ፥ ስለ ዝናቡና ስለ ብርዱ እሳት አንድደው ሁሉን ተቀበሉ።

ይህንም በዓይናችን አየን። በማግሥቱ ከባለቤቱ ጋር ወደ ታችኛው ሰፈር ወረድን። ሰዎቹ ውኃ እንዳይገባባቸው በየደጃፋቸው በጡብና በሲሚንቶ ከፍ ያለ መድረክ ሠርተው ነበር፤ ውኃው ግን መድረኩን አልፎ ገብቶ አድሯል። ጭቃ በባልዲ ይቀዳ ነበር፤ የራሰ ፍራሽ በገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። በሩን ያንኳኳችውን ሴት ጠይቀን አገኘናት። ልጅዋ ትኩሳት ይዞት ነበር፤ ውኃ ቤቷ ሲገባ ክብሪቷም ስለ ራሰ፥ መድኃኒቱን የምትፈልግበት ብርሃን ልትለምን ኖሯል ዳገቱን የወጣችው። እኛ ስንከለክላት፥ በመንገድ ዳር ቻፓቲ እየጋገረች የምትሸጥ አንዲት መበለት ወደ ቤቷ አስገባቻት። በዚያች አንዲት ክፍል ዐሥራ አንድ ሰው አድሮ ነበር፤ መብራታቸውም ታዶባ የምትባል፥ እንደ እኛ ኩራዝ ያለች ትንሽ የላምባ መብራት ነበረች። መበለቲቱ ለንግድ ያቦካችውን ሊጥ ሁሉ ጋግራ አብልታቸው ነበር። ልጁን በሕይወት አገኘነው።

ሴቲቱ ባየችን ጊዜ በባለቤቱ አስተርጓሚነት፥ «ትናንት ነጎድጓዱ ብርቱ ስለ ነበረ አልሰማችሁንም» አለችን። ይህች ቃል ለነውራችን መሸፈኛ ሆና ቀረበችልን። ዝም ብንል ኖሮ ስማችን በዚያ ሰፈር በጎ ሆኖ ይቀር ነበር። ባለቤቱ ወደ እኛ ተመለከተ፤ ምን እንደሚተረጕም ይጠብቅ ነበር። እኛም፥ «ሰምተን ነበር፤ ፈርተን አልከፈትንም፤ ይህ ሰው ሊከፍት ሲነሣ የከለከልነው እኛ ነን፤ ይቅር በዪን» አልናት። ለብዙ ጊዜ መሬት መሬት አየች። ምንም አልመለሰችልንም። ከዚያም ተነሥታ ሲጊሪ ከሚሉት የከሰል ምድጃ ላይ ሻይ ቀዳችና በሁለት እጇ አቀበለችን። እኛ ልንሰብክ የሄድን፥ እሳት ከተነደደላቸው ከመርከብ ስብራት የተረፉ እንግዶች መካከል ተቈጠርን።

እንግዲህ ምን እንላለን? ከእንግዲህ በራችንን በገዛ ኃይላችን እንከፍታለን ብለን አንመካ፤ ሌላ ሌሊት ሌላ ፍርሃት ይመጣልና። መታመኛችን አንድ ብቻ ነው። ጌታችን በተሰቀለ ጊዜ ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በምድር ሁሉ ላይ ጨለማ ሆነ። በዚያ ጨለማ ውስጥ የገባው ብቻውን ነው፤ የገባውም በራቸውን ስለ ዘጉት ስለ እኛ ነው። ከሞት ተነሥቶም ደቀ መዛሙርቱ ፈርተው በሩን ወደ ዘጉበት ቤት መጣ፤ ስለ ተዘጋው በር ሳይወቅሳቸው ሰላምን ሰጣቸው። ለእኛም ያለው ይህ ነው፤ ይቅርታው ይቀድማል፤ ይቅር የተባለ ልብም በሩን መክፈት ይማራል።

የተማረውንም በትንሽ ነገር ይጀምር። መብራት ሲጠፋ ከጎረቤት የታመመ፥ ያረጀ፥ ብቻውን ያለ ማን እንደ ሆነ አስቀድመን እንወቅ። ሻማ ከመጋረጃና ከመኝታ እናርቅ። የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል አናኑር፤ ጄኔሬተር ያለው ከቤት ውጭ ያንቀሳቅሰው፤ ጭሳቸው ሳይታወቅ ይገድላልና። ከምሰሶ የወደቀ ሽቦ ማንም እንዳይነካ ልጆችን እናስጠንቅቅ። የጎርፍ መሄጃውን ቦይ ከዝናብ ወራት በፊት በኅብረት እንጥረግ፤ ከላይ ያለው የጣለው ቈሻሻ ከታች ያለውን ያሰጥመዋልና። ባለ መብራት ገበታውን ያስፋ። በዚያ በካምዎክያ ከዚያች ቀን በኋላ ብርሃን በጠፋ ቍጥር ባለቤቱ መብራቱን በደጃፉ ላይ ይሰቅለው ነበር፤ የጎረቤት ልጆችም በእርሱ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ያነቡ ነበር። ከዚያች ሴት ጋር ግን ከአገር እስክንወጣ ድረስ ሰላምታ እንጂ ብዙ ቃል አልተለዋወጥንም። ይቅርታ የለመነ ሰው መልሱን በግድ አይጠይቅም።

በገዛ አገራችንም ከቀያቸው የተፈናቀሉ፥ ሥራ ያጡ፥ የታመሙ ዛሬ በየደጃችን ይቆማሉ። ቋንቋቸውን ላናውቀው እንችላለን፤ መንኳኳቱን ግን እንሰማለን። ነጎድጓዱ ብርቱ ነበር ብለን አናመካኝ።

እንጸልይ። የብርሃን አባት እግዚአብሔር ሆይ፥ ፈርተን በሩን የዘጋንባቸውን ሰዎች አንተ ታውቃቸዋለህ፤ ስለ ልጅህ ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ ብለህ ይቅር በለን። በዚህች ሌሊት በጎርፍና በጨለማ ያሉትን ጠብቃቸው፤ ሽቦውን የሚጠግኑትን ሠራተኞች እጃቸውን ጠብቅ። ዳግመኛ ሲንኳኳ የምንከፍትበትን ልብ ስጠን። አሜን።